አደራው የማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል። ጎረቤቶቻችን ግድግዳ እየደበደቡ «ኧረ ተዉን፣ ፈተና አለብን» እስኪሉን ድረስ ተጯጩኸናል። ርእሱ ፍቅር ወይም ፖለቲካ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን ነበር። ነገሩ ግን ስለ አንድ የሂሳብ ሠራተኛና ስለ አንድ የደመወዝ ዝርዝር ነው። ቋንቋና ፍልስፍና የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ሂሳብ መዝገብ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም በመጀመሪያው ሌሊት ያልነው ይህንኑ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ግን «የሰው ምስጢር የማን ንብረት ነው?» ከሚል ጥያቄ ላይ ደርሰን መውጫው ጠፋን። ስለዚህ ነገሩን በዚህች መጽሔታችን ላይ አውጥተን እናንተንም እንቅልፍ ልንነሣችሁ ወስነናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የክፍላችን አንዱ ልጅ አካውንቲንግ ያጠናል። ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ተልኮ ነበር። ቢሮው የነጋዴዎችንና የትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ይይዛል፣ የግብር ማስታወቂያ ያዘጋጃል፣ በየወሩ ፔይሮል ይሠራል። ከደንበኞቹ አንዱ የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ሰውዬው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ የዚህን ወር ፔይሮል ቶሎ ላክልኝ። ባንክ ቤት ወረፋ ይዣለሁ።»

«እሺ ጋሼ። በኢሜይል ልላክልዎት?»

«ኧረ የምን ኢሜይል! የኔ ስልክ ፓኬጁ አልቋል። በልጁ ቴሌግራም ላክ፤ እዚሁ አጠገቤ ነው ያለው።»

«ልጁ» የሚሏቸው የዳቦ ቤቱን ሻጭ ነው። ጓደኛችን ላከ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼም «ተባረክ» አሉ፤ ደመወዙም በሰዓቱ ተከፈለ። ፋይሉ ግን ልጁ ስልክ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ሊጥ የሚያቦካው ሰው፣ ያንኑ ሊጥ ከጎኑ የሚያቦካው ባልደረባው በወር ስድስት መቶ ብር እንደሚበልጠው አወቀ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው። በምድጃው ላይ የሚሠራው ጋጋሪ ስም ትይዩ «የፍርድ ቤት ተቀናሽ» የሚል ዓምድ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ሰውዬው ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ አለው፤ ፍርድ ቤት የወሰነበትን ቀለብ በየወሩ ከደመወዙ ያስቆርጣል። ይህን ለባልደረቦቹ አልነገረም። አሁን ላለችው ባለቤቱም አልነገራትም ነበር ይባላል። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ቀልድ ይወዳሉና ቅጽል ስም አወጡለት። በሦስተኛው ሳምንት ሥራውን ጥሎ ሄደ።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ማታ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለን። ክርክሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መቼም መጀመሪያ የተሰጠው መልስ «ምንም አላጠፋህም» የሚል ነበር። ባለቤቱ ላክ ብለው አዘዙ፣ እሱም ላከ። መዝገቡ የሳቸው፣ ድርጅቱ የሳቸው፣ ገንዘቡም የሳቸው። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባል የለ? ጥፋተኛው አፉን መሰብሰብ ያቃተው ሻጭ ነው፤ ባቄላ በአፉ የማይቆይለት ዓይነት። ይህ መልስ ለአንድ ሌሊት አስተኝቶናል።

በማግስቱ ግን ተረቱ ራሱ አልዋጥ አለን። ለመሆኑ ከባለቤቱ በላይ ማወቅ የሂሳብ ሠራተኛ ሥራው አይደለም እንዴ? ነጋዴው ገንዘብ እንዳለው ያውቃል፤ ምን ያህሉ የሱ፣ ምን ያህሉ የመንግሥት፣ ምን ያህሉ የባንክ እንደሆነ የሚነግረው ግን ሂሳብ ሠራተኛው ነው። በተረቱ ሚዛን ከሄድን ሂሳብ ሠራተኛ ሁሉ በሕግ የተፈቀደለት ቡዳ ነው ማለት ነው። ሰው ገመናውን አውጥቶ የሚያሳየው ለነፍስ አባቱ፣ ለሐኪሙና ለሂሳብ ሠራተኛው ነው። የነፍስ አባት የሰማውን በጽሑፍ አያስቀምጥም። ሂሳብ ሠራተኛው ግን መጻፍ ግዴታው ነው፤ ጽፎም መላክ አለበት። ልዩነቱ ይኸው ነው። የነፍስ አባት ምስጢር የሚጠበቀው በአፍ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ምስጢር ግን በእጅ ጭምር ነው። አፉን እንደ ሬሳ ሣጥን ዘግቶ የሚኖር ሰው በአውራ ጣቱ አንድ ነገር ነክቶ የሠላሳ ሰው ገመና ሊበትን ይችላል።

እስቲ አንድ ፔይሮል እናንብብ። ከላይ ስም። ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ መነሻ ደመወዝ፣ አበል። ከዚያ የሥራ ግብር፣ ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ። እስከዚህ ድረስ ሂሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ልብ ወለድ ነው፤ ያውም እውነተኛ ልብ ወለድ። የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተቀናሽ ያለበት ሰው ተቸግሮ እንደነበር ያሳብቃል። የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ይለያል። የወሊድ ፈቃድ ይታያል፣ ያለ ደመወዝ የታለፉ የሕመም ቀናት ይታያሉ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታያል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድን ገጸ ባሕርይ ለመግለጥ አሥር ገጽ እንፈጃለን፤ ፔይሮል በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ከዚያ ደግሞ ደራሲው የፈጠረው ሰው በማግሥቱ ሥራ ቦታ ሄዶ አይሳቅበትም።

እንግዲህ ይህ መስመር የማን ነው? የጋሼ ነው? የዳቦ ቤቱ ትርፍና ኪሳራ የሳቸው ነው፤ ቢፈልጉ በሬዲዮ ያስነግሩት። የጋጋሪው የቀለብ ተቀናሽ ግን የሳቸው ሊሆን አይችልም። እጃቸው የገባው ፍርድ ቤት ቁረጥ ስላላቸው ነው። ከሳቸው ወደ ሂሳብ ቢሮው የተሻገረው ሂሳቡ እንዲሠራ ነው። ሰውዬው ለአንድም ቀን «ይታይልኝ» ብሎ አልፈረመም። በአማርኛችን ለዚህ ዓይነት ነገር ስም አለው፦ አደራ። አደራ ደግሞ ሲተላለፍ ባለቤቱን አይለውጥም። ጎረቤት የሰጠኝን ላም ለወንድሜ ባስጠብቅ ላሟ የወንድሜ አትሆንም፤ የኔም አልነበረችም። ስለዚህ ጋሼ «ላክ» ሲሉ ያዘዙት በራሳቸው ገንዘብ ሳይሆን በሌላ ሰው ላም ላይ ነበር። ጓደኛችንም የታዘዘው ማዘዝ የማይችለውን ሰው ነው።

ሕጉን ያገላበጥነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለሕግ ተማሪዎች ምስጋና ይግባቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንዳይደፈር ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢርን ማውጣት ይቀጣል። የሂሳብ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብም አምስት መሠረታዊ መርሆች ሲኖሩት አንዱ ምስጢር መጠበቅ ነው። ደንቡ ባለሙያው ሳያስበው ምስጢር እንዳያመልጠው፣ በተለይም ከቤተሰቡና ከቅርብ ወዳጆቹ ጋር ሲጫወት፣ ነቅቶ እንዲጠብቅ ያዛል። ከደንበኛው ጋር ቢለያይም እንኳ ግዴታው አይቀርለትም። እነዚህ ሁሉ ግን በአመዛኙ የሚያዩት ሁለት ሰው ነው፤ ባለሙያውንና ደንበኛውን። ጋጋሪው የለበትም።

ጋጋሪውን ወደ ክፍሉ ያስገባው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስሙ ይከብዳል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ሰው ማን እንደሆነ የሚለይ መረጃ፣ በማንም እጅ ይሁን በማን፣ መብቱ የዚያ ሰው ነው። የያዘው ወገን ለተገለጸ ዓላማ ብቻ ሊጠቀምበት፣ እንዳይባክንም ሊጠብቀው ይገባል። አዋጁ እንዲከበር የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓውያን እንዲህ ያለውን ሕጋቸውን እ.ኤ.አ. ከግንቦት ወር 2018 ጀምሮ በሥራ አውለዋል። በነሱ ዘንድ መረጃ አምልጦ በሰው ላይ ጉዳት የሚያሰጋ ሲሆን ድርጅቱ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል። 72 ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው፤ እኛ ስንከራከር የፈጀንበት ጊዜ።

ልብ በሉ፤ አዋጁ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ኩባንያን አይደለም። የአንድ አክሲዮን ማኅበር የሀብትና ዕዳ መግለጫ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር አይገባም፤ እሱን የሚጠብቀው የሙያው ደንብና ውሉ ነው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ከተጻፈበት ወረቀት ይልቅ የጋጋሪው አንድ መስመር በሕግ ዘንድ ትከብዳለች። ይህ ነገር እኛን ደስ አሰኝቶናል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በየቀኑ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ፣ ሁልጊዜ ነገር የሚያከርር አለ፣ በሁለተኛው ሌሊት ተነሥቶ ቆመና እንዲህ አለን። «እናንተ የምትሟገቱት ለአሠሪው ነው! የደመወዝ ምስጢር ማንን ነው የሚጠቅመው? ሊጥ አቡኪው ስድስት መቶ ብር እንደሚበለጥ ባያውቅ ማን ነበር ተጠቃሚው? ጭቆና የሚኖረው በጨለማ ነው። ፔይሮሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት!» ዝም አልን። ምክንያቱም ሐቅ አለበት። ሰዎች ደሞዛቸውን እንዳይነጋገሩ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ከፋዩ ነው። ለአንድ ሥራ የተለያየ ደመወዝ መክፈል የሚቻለውም ሠራተኞቹ እስካልተነጋገሩ ድረስ ነው። ምስጢር የሚለው ቃል የቅሚያ ካባ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይዞ አንዱን ለግብር፣ አንዱን ለራሱ የሚያኖር ነጋዴም እኮ «ምስጢሬን ጠብቅልኝ» ነው የሚለው። ያኛው ምስጢር ሂሳብ ሠራተኛውን ተባባሪ እንጂ አደራ ጠባቂ አያደርገውም፤ ሕግ ሲጠይቅም ሊደበቅ አይችልም። ይህን እዚሁ እንለፈው።

የጓደኛችን ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኛ ብዙ ካሰላሰልን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። ሊጥ አቡኪው የራሱን ደመወዝ ለባልደረባው መንገር መብቱ ነው፤ ባልደረባውም እንዲሁ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው «ለሊጥ ሥራ ደመወዙ ስንት ነው?» ብለው ጋሼን ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ለጥያቄው መልስ የማንም ስም አያስፈልገውም። ለሥራው የተመደበው ደመወዝ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሰው ስም ከነዕዳው ግን አይለጠፍ። በልጁ ስልክ የወጣው ፋይል ይህን አለየም። የሊጥ አቡኪውን በደልና የጋጋሪውን ኀፍረት በአንድ ገበታ አቀረበ። በደሉ ሁለት ቀን ተወራና ተረሳ፤ የስድስት መቶ ብሩ ልዩነትም እስካሁን እንዳለ ነው። ኀፍረቱ ግን ሰው አባረረ። ብርሃን ሲበራ ሁልጊዜ የሚታየው ጨቋኙ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በድሃ ቤት ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው የድሃው ገመና ነው። ጓደኛችን በዚህ አልተስማማም፤ አሁንም አኩርፎናል።

ወደ ጥፋቱ ጥያቄ እንመለስ። ሐሳብ በሌለበት ክህደት አለ? «አደራ በላ» የምንለው ሆን ብሎ የካደውን ነው። ጓደኛችን ምንም አልተጠቀመም፣ ማንንም ሊጎዳ አልፈለገም፣ ምን እንደሚደርስም አላወቀም። አሪስቶትል ለኒቆማኮስ በተባለው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ስለዚህ ጉዳይ ያነሣል። ባለማወቅ ያጠፋ ሰው ይቅር ሊባል ይችላል፤ ላለማወቁ ራሱ ተጠያቂ ከሆነ ግን አይባልም። ሰክሮ ያጠፋ ሰው እጥፍ የሚቀጣበትን ሕግ በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ አለመስከር በእጁ ነበርና። ዛሬ የሚያሰክረው ጠላና አረቄ ብቻ አይደለም። ፍጥነትም ያሰክራል። «ቶሎ ላክ» የሚለው ድምፅ፣ ጣት ከማሰብ ቀድሞ የሚደርስበት ያ ትንሽ ሰማያዊ ቀስት፣ የባንኩ ወረፋ፣ ሁሉም አብሮ ሰውን ያሞቀዋል። እኛም በየቀኑ ሰክረን እንልካለን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «መፍትሔው ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም መጥፎ ነው» ሊል ይችላል። በእርግጥ ቴሌግራም በተለመደው አሠራሩ መልእክቱን በራሱ ኮምፒውተሮች ያኖራል፤ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ የሚቆለፈው «ምስጢራዊ» የተባለውን ንግግር ለይተው ሲከፍቱ ብቻ ነው። ዋትሳፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ ይቆልፋል። ይህን ማወቅ ለሂሳብ ሠራተኛ ግዴታ ነው። በኛ ታሪክ ግን ሌባ አልገባም፣ ቁልፍ አልተሰበረም። ፋይሉ የደረሰው ልክ በተላከበት ቦታ ነው። በብረት ሣጥን ቢላክም ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ ይከፍተው ነበር።

እናቶቻችን ከክፍለ ሀገር ገንዘብና ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር ይልኩልናል። ፖስታው በደንብ አይታሸግም፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ ስም ይጻፍበታል። ግን ይደርሳል። ለምን ቢባል መንገዱ ሁሉ ፊት አለው። እናት ሹፌሩን ታውቃለች፣ ሹፌሩ «አደራ» ተብሏል፣ መናኸሪያ የምንጠብቀው እኛም ስልኩን ይዘናል። የጠፋ እንደሆነ «ማን ጋ ጠፋ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የፋይል መንገድ ፊት የለውም። አንድ ፔይሮል ከቢሮው ኮምፒውተር ወጥቶ በልጁ ስልክ፣ ከልጁ ስልክ ባንክ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ሊታተም በፍላሽ ይገለበጣል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌላ ሰው የጋብቻ ጥሪና ከሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ይቀመጣል። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልካደም። አራት ቦታ ግን አለ። ሕጉ የሚደክመው ለዚህ መንገድ ፊት ለመስጠት ነው፦ በየጣቢያው ማን ያዘው፣ ለምን ያዘው፣ መቼ ይደመስሰዋል ብሎ ለመጠየቅ። አንዳንድ ቢሮዎች ደንበኛው በራሱ ስምና በይለፍ ቃል ገብቶ የራሱን ሰነድ ብቻ የሚያይበትን፣ ማን መቼ እንደከፈተም የሚመዘገብበትን መንገድ የሚያበጁት ለዚህ ነው።

ጓደኛችን ታዲያ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ብዙ ነገር፤ ያውም ያለ ምንም ትልቅ መሣሪያ። ባንኩ የሚያስፈልገው ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ ነው። ሦስት ዓምድ። የቀረውን ቆርጦ ቢልክ ኖሮ ጋጋሪው ዛሬም ምድጃው አጠገብ ነበር። ፋይሉን ቆልፎ የይለፍ ቃሉን ለጋሼ በስልክ በቃል ሊነግራቸው ይችል ነበር፤ ቁልፍና ሣጥን በአንድ አህያ አይጫኑም። (የይለፍ ቃሉ ግን የጋሼ ስልክ ቁጥር እንዳይሆን፤ የብዙ ቢሮዎች ልማድ ይህ ነው አሉ።) እኛ ስንመለከተው ከመቆለፍም መቁረጡ ይበልጣል። ያልተላከ ነገር አያመልጥም።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝርለት ጓደኛችን አንድ ነገር መለሰ፤ ከንግግራችን ሁሉ እሱ እውነት ይመስለናል። «አውቄ ነበር እኮ» አለ። «ሙሉውን መላክ እንደሌለብኝ ውስጤ ያውቅ ነበር። ግን ጋሼን ‹ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ልቁረጠው› ማለት ከበደኝ። ‹ይሄ ልጅ አላመነኝም› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እንግዲህ አሪስቶትልም አዋጁም ያልጻፉት ነገር ይኸው ነው፤ ይሉኝታ። ታላቅን ማክበር ጥሩ ነው፤ በዚያ ነው ያደግነው። ግን ለሚታይ ሰው ያለን ይሉኝታ ለማይታየው ሰው ያለብንን ግዴታ ይበላዋል። ጋሼ በስልኩ ውስጥ ድምፅ ነበራቸው፤ ጋጋሪው ግን ከሠላሳ መስመር አንዷ መስመር ነበር። በዚያች ቅጽበት ጓደኛችን ያከበረው ድምፅ ያለውን ነው። ከኛስ ማነው ሌላ ያደርግ የነበር? በመኝታ ክፍላችን እጁን ያወጣ አልነበረም።

ልምምዱ ሳያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ስለነበር ተመልሶ ሄደ። የሚቀጥለውን ፔይሮል ሲሠራ ሦስት ዓምድ ብቻ ለይቶ፣ ቆልፎ፣ በጋሼ በራሳቸው ስልክ ላከ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደወሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ እኮ!» ቁጥሩን አንድ በአንድ በቃል ሲነግራቸው ሁለቴ ተሳሳቱ፤ ተቆጡም፤ በመጨረሻ ግን ከፈቱት። የጋጋሪው ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል። «የፍርድ ቤት ተቀናሽ» የሚለው ዓምድ ቢሮው በያዘው ሙሉ ፋይል ላይ ባዶውን ቀርቷል፤ ሌላ ማንም አልነበረበትም። ጓደኛችን ዓምዱን ይሰርዘው ወይስ ይተወው ብሎ ጠየቀን። የዚያ ልጅ ቀለብ ከእንግዲህ ከየት እንደሚቆረጥ ግን የሚያውቅ በቢሮውም በዳቦ ቤቱም የለም።